የፎቶው ጀርባ

በ2016 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ጀርመን አገር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ የስድስት ገጽ ደብዳቤ በስልኳ እያነሣች በቴሌግራም ላከችልኝ። ደብዳቤው በጀርመንኛ የተጻፈ ስለነበር፣ ከአናቱ ካለው የጠበቃ ስምና አራተኛው ገጽ ላይ ከሰፈረው የገንዘብ ልክ በቀር ምንም አልገባኝም። ከሥሩ እሷ የጨመረችው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ወንድምዬ፣ ያቺን የሐይቋን ፎቶ ከየት ነው ያመጣሃት?»

ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መልሱን ግን አላውቀውም።

እታለም እያልሁ የምጠራት ይህች እኅቴ ተወልዳ ያደገችው ሐይቅ ከተማ ነው። ጀርመን ውስጥ ስምንት ጠረጴዛ ያላት አነስተኛ የሐበሻ ምግብ ቤት ስትከፍት፣ እዚሁ ደሴ ተቀምጬ ድረ ገጹን የሠራሁላት እኔ ነኝ። እሷ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው እንጀራ ሳይሆን የሐይቅ ውኃ እንዲሆን። «እንጀራውንማ ሁሉም ያሳያል» አለችኝ። እኔ ራሴ ያነሣኋቸው የሐይቅ ፎቶዎች ነበሩኝ፤ ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰብ ይዤ ስወጣ ኮምፒውተሬንም ፎቶ የማስቀምጥበትን ዲስክም ጥዬ ነበር የሄድሁት። ስመለስ በሩ ተከፍቶ ጠበቀኝ፤ ሁለቱም የሉም። ስለዚህ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን፣ በሚኒባስ ደርሼ የምመለስበትን ውኃ ከኢንተርኔት ፈለግሁት። አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝ። ጎሕ ሲቀድ የተነሣ፣ ጭጋጉ ገና ከውኃው ላይ ያልተገፈፈ፣ ከዳር ካለው ቄጠማ አጠገብ አንዲት ታንኳ ብቻ የምትታይበት ፎቶ ነበር። አወረድሁት፤ ለስልክ እንዲመች ግራና ቀኙን ቆረጥሁት፤ ነጩ ጽሑፍ እንዲነበብበት ሰማዩን ትንሽ አጠቆርሁትና ለጠፍሁት።

እንዲህ ያለው ደብዳቤ በዚያ አገር «አብማኑንግ» ይባላል። ክስ አይደለም፤ ከክስ በፊት የሚላክ ማስጠንቀቂያ ነው። ፎቶው እንዲነሣ፣ ዳግመኛ ላለመለጠፍ በፊርማ ቃል እንዲገባና ገንዘብ እንዲከፈል ይጠይቃል። ገንዘቡ እንዲህ ተተንትኖ ነበር፦ ለፎቶው አገልግሎት 450 ዩሮ፣ የአንሺው ስም ባለመጠቀሱ በእጥፍ እንዲታሰብ ሌላ 450 ዩሮ፣ ለጠበቃው ደግሞ 600 ዩሮ ሊሞላ ጥቂት ሳንቲም የቀረው። ተደምሮ ወደ 1,500 ዩሮ ይጠጋል። በጊዜው በነበረው የባንክ ምንዛሪ ከ90 ሺህ ብር በላይ መሆኑ ነው፤ እኔ ድረ ገጹን በሙሉ የሠራሁት በ15 ሺህ ብር ነበር። ቀነ ገደቡ አሥር ቀን ሲሆን፣ ደብዳቤው እጇ እስኪገባ ሦስቱ አልፈዋል።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «አጭበርባሪ ነው» የሚል ነበር። ዕጣ ደርሶዎታል፣ ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው የሚሉ መልእክቶች በየቀኑ የሚደርሱት ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የዚያ አገር ጠበቆች ስም ለማንም ክፍት በሆነ ይፋዊ መዝገብ ላይ ስለሚገኝ እታለም ፈልጋ አገኘችው፤ አድራሻውም ስልኩም ገጠመ። ከደብዳቤው ጋር የእኛ ገጽ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበት በምስል ተያይዟል፤ ከጎኑ ደግሞ ዋናው ፎቶ። ጭጋጉ ያው፣ ታንኳዋ ያችው። የእኔ የነበረው የጠቆረው ሰማይ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ንዴት መጣ። አያቴ ልብስ ያጠበችበት፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ውኃ ከመቼ ወዲህ የአንድ መንገደኛ ንብረት ሆነ? አክስቴ ወሬውን ስትሰማ ያለችውም ይኸንኑ ነበር፦ «ውኃውን ላየ ሁሉ ማስከፈል ጀመሩ ወይ?» በዚያች ሌሊት ለፎቶ አንሺው ረጅም ደብዳቤ ጻፍሁለት። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጠር ሽማግሌ ይላካል፤ በወሎ ገጠር አበጋሮች ቁጭ ብለው በዳይና ተበዳይን ፊት ለፊት ያነጋግራሉ፤ የነገሩ ግማሽ እዚያው መተያየቱ ላይ ይበርዳል። ይህ ስድስት ገጽ ግን ፊት አልነበረውም፤ ፊት ልፈልግለት ሞከርሁ። እታለም የያዘችው ጠበቃ ይህን ስትሰማ ደነገጠች አሉ፤ «ይህን አደረግሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ኋላ እንደ እምነት ቃል ሊቆጠር ስለሚችል፣ ማንም ለማንም በግሉ አንዲት መስመር እንዳይጽፍ አለች። ደብዳቤዬ ሳይላክ ቀረ።

ንዴቴን ያበረደልኝ ጠበቃዋ ሳትሆን አያ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ የምንላቸው፣ ደሴ ፒያሳ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ሳሳያቸው ከእኔ ጋር እንዲናደዱ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ታንኳዋን በጣታቸው እያሰፉ ብዙ ቆዩ።

«ጨለማ ሳለ ነው የወረደው» አሉ በመጨረሻ። «ይህ ጭጋግ ፀሐይ ጫፏን ካሳየች ወዲያ አይቆይም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ፣ በዚህ በኩል እግሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ነው የቆመው። ብርድ ነው እኮ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ሐይቁ ባለቤትነት መከራከሩ አሳፈረኝ። ሰውየው ሐይቁ የእኔ ነው አላለም። ማንም እዚያ ቆሞ የራሱን ፎቶ እንዳያነሣም አልከለከለም። የእሱ የሆነው ያ ማለዳ፣ ያ የቆመበት ስፍራ፣ መዝጊያውን የተጫነባት ቅጽበት ናት። የቅጅ መብት የሚባለው ጠባብ ነገር ነው፤ እኔ ግን አገሬን የወሰዱብኝ ያህል አስፍቼው ነበር።

ወደ እታለም ጥያቄ ልመለስ። ፎቶውን ከየት ነው ያመጣሁት? ምስሉን መልሼ ወደ መፈለጊያው ብጭነው መነሻው ወጣ፤ ሰዎች ምስሎቻቸውን ለሁሉም በሚያጋሩበት ዊኪሚዲያ ኮመንስ በተባለ ድረ ገጽ ላይ የተቀመጠ ነበር። ከሥሩ የአንሺው ስም፣ የተነሣበት ቀን፣ የተለቀቀበት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ፣ እትም 4.0፣ በግልጽ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት ሰዎች ሥራቸውን «እነዚህን ነገሮች ካሟላህ ሳትጠይቀኝ ውሰድ» ብለው የሚለቁበትን የፈቃድ ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ 4.0 የተባለው እትም የወጣው በ2013 ነው። የእኛ ፎቶ የተለቀቀበት ዓይነት ለንግድ እንኳ ይፈቅዳል። የሚፈልገው የአንሺው ስም እንዲጠቀስ፣ ፈቃዱ ከነማስፈንጠሪያው እንዲቀመጥ፣ የተደረገ ለውጥ ካለ እንዲነገር፣ ተለውጦ የተሠራውም ቢሆን በዚያው ፈቃድ ለሌላው ክፍት እንዲሆን ነው። ይኸውም በእኛ ገጽ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል፣ አንድ ስም፣ አንድ የፈቃድ ስም ከነማስፈንጠሪያውና «ተቆርጧል፤ ሰማዩ ጠቁሯል» የሚሉ ሦስት ቃላት ቢኖሩ ኖሮ ያ ስድስት ገጽ ባልተጻፈ ነበር ማለት ነው። 1,500 ዩሮ የተጠየቀው ለፎቶው ሳይሆን ለዚያች መስመር ነው ብል አላጋንንም።

አማርኛችን «በነጻ» እና «ነጻ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በአንዲት ፊደል ይለያቸዋል፤ እኔ «በነጻ» የሚለውን አንብቤ ቀሪውን ተውሁት። ፎቶው ዋጋ የለውም እንጂ ግዴታ የለበትም አልተባለም። ግዴታው ሳይፈጸም ሲቀር ፈቃዱ በራሱ ይቋረጣል፤ ፎቶውም እንደማንኛውም ያልተፈቀደ ፎቶ ይሆናል። 4.0 እትም አንድ ማስተዛዘኛ አለው፤ ተጠቃሚው ጥሰቱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከለ ፈቃዱ ተመልሶ ይጸናለታል፤ ላለፈው ጊዜ ግን ባለመብቱ የመጠየቅ መብቱ አይቀርበትም። እኛን የያዘን ያለፈው ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር።

እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ ሳላነሣ አላልፍም። በየገጹ፣ በየቴሌግራም ቻናሉ ከፎቶ ሥር «ምንጭ፦ ጉግል» ወይም «ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ» ተብሎ ይጻፋል፤ ጸሐፊውም ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። እኔም ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ባቲ ወርዶ በሬ የገዛ ሰው ከማን ገዛህ ሲባል «ከገበያ» ብሎ ቢመልስ ማን ያምነዋል? ሻጩ ማነው፣ ዋሱ ማነው ተብሎ ይጠየቃል እንጂ። ጉግል ገበያው ነው፤ የበሬው ባለቤት አይደለም።

ጠበቃዋ ነገሩን የያዘችበት አኳኋን፣ ከሩቅ ለምከታተለው ለእኔ፣ እንደ ትምህርት ቤት ነበር። በመጀመሪያ ገጹ አሁን ያለበት ሁኔታ በምስል ተቀርጾ እንዲቀመጥ፣ ከዚያ ፎቶው እንዲነሣ አዘዘች። እኔም ከገጹ ላይ አውርጄ «አነሣሁ» አልኋት። ወዲያው የፋይሉን ሙሉ አድራሻ በቀጥታ ጻፈችና ፎቶው እንዳለ ተከፈተላት፤ ከገጹ ቢወገድም ፋይሉ ከሚቀመጥበት ሰርቨር አልጠፋም ነበር። እሱን ሳጠፋ ድረ ገጹ በራሱ ያዘጋጃቸው አራት የተለያየ መጠን ያላቸው ቅጂዎች ወጡ። ቀጥሎ የምግብ ቤቱ ፌስቡክ ላይ አንድ አገኘች፤ ከዚያ እታለም ራሷ በታተመው የምግብ ዝርዝር ሽፋን ላይ መኖሩን አስታወሰች። ይህን ሁሉ ሳያጸዱ ቃል መግባት አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም የቃል መግቢያው ወረቀት ከተፈረመ በኋላ ፎቶው አንድ ቦታ ቢገኝ በራሱ ሌላ ቅጣት ያስከትላል፤ ቃሉም የአንድ ዓመት ወይም የሁለት ዓመት ቃል አይደለም።

ያንን ወረቀት አዘጋጅቶ የሚልከው የባለመብቱ ወገን ነው፤ ስለዚህም ለራሱ እንዲመች አድርጎ ነው የሚያዘጋጀው። በእታለም ወረቀት ውስጥ ላለመድገም ከሚገባው ቃል ሥር የተጠየቀው ገንዘብ በሙሉ ተገቢ መሆኑን የሚያምን አንድ አንቀጽ ተሸጉጦ ነበር። ጠበቃዋ እሱን ሠረዘች፤ ወደፊት ጥሰት ቢኖር የሚከፈለው ቅጣትም አስቀድሞ በተቆረጠ ገንዘብ ሳይሆን እንደ ነገሩ ክብደት በተገቢው ልክ እንዲወሰን አድርጋ ጻፈችው። ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ተፈርሞ ሄደ። ከገንዘቡ ክርክር በፊት ይህን ማስቀደም ይገባ ኖሯል፤ ባለመብቱ ወደ ፍርድ ቤት ቸኩሎ የሚሄድበት ዋናው ምክንያት ቃሉን ማጣቱ ነውና።

በገንዘቡ ላይ የያዘችው ክርክር ግን ደስ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የኮሎኝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በክሪኤቲቭ ኮመንስ በተለቀቀ ፎቶ ላይ በተነሣ ክርክር፣ በነጻ የተሰጠ ነገር የአገልግሎት ዋጋው ዜሮ ነው፤ የዜሮ እጥፍም ዜሮ ነው ብሎ ነበር። ያ ጉዳይ ለንግድ ያልዋለ ፎቶን የሚመለከት ስለነበር ለምግብ ቤት እንዳለ አይሠራም፤ ለመደራደሪያ ግን በቅቷል። ከሦስት ሳምንት ምልልስ በኋላ በጠቅላላው 700 ዩሮ ተስማሙ። ለራሷ ጠበቃ የከፈለችው 250 ዩሮ ሲጨመር 950 ሆነ።

ማን ይክፈል የሚለው ነገር በቤተሰባችን መካከል ከጀርመኑ ክርክር ይልቅ ረጅም ነበር። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ተናገርሁ፤ በስፋትም ተናገርሁ። እታለም «አብሽር» ትለኛለች፤ «አንተ ዩሮ ከየት ታመጣለህ? ባንኩ ይሰጥሃል?» አልሰጠኝም ነበር፤ እውነቷን ነው። በሕጉም ቢሆን ደብዳቤው የደረሰው ለእሷ ነው፤ በዚያ አገር ማንኛውም የንግድ ድረ ገጽ የባለቤቱን ስምና አድራሻ የሚያሳይ «ኢምፕረሱም» የሚባል ገጽ እንዲኖረው ስለሚገደድ ላኪዎቹ እሷን ለማግኘት አልተቸገሩም። ገጹ የተሠራው ደሴ መሆኑ ለእነሱ ምንም አይደለም፤ ፎቶው የቀረበው ለጀርመን ተመልካች ነውና የሚዳኘውም በዚያው አገር ሕግ ነው። በስተመጨረሻ የሁለት ዓመት የገጹን ሥራ ያለ ክፍያ ልሠራላት ተስማማን። እስካሁን ስለ ፎቶ አንሥታብኝ አታውቅም፤ ይህ ነው የሚያስጨንቀኝ።

ታዲያ ጉዳዩ እዚሁ እኛ አገር ቢሆንስ ብዬ የራሳችንን ሕግ አነበብሁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። ለደራሲ ዕድሜውን በሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ሲሰጥ፣ ለፎቶግራፍ የሚሰጠው ግን ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። በጀርመን ተራ የሚባለው ፎቶ እንኳ ከታተመ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ያስገረመኝ ግን ሌላው ነው፤ አዋጁ ፎቶን የሚጠብቀው የስብስብ አካል ከሆነ፣ በመጽሐፍ ከታተመ ወይም የአንሺውን አለዚያም የወኪሉን ስምና አድራሻ ከያዘ ነው።

ይህን አንቀጽ ለአያ ሳነብላቸው ሳቁና ከአልጋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አስወጡኝ። ውስጡ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ሞልቷል፦ ሙሽሮች፣ ወታደሮች፣ የክርስትና ልጆች፣ የመውሊድ ልብስ የለበሱ ሕፃናት። አንዱን ገለበጡልኝ። ጀርባው ላይ በወይን ጠጅ ቀለም የተመታ ሞላላ ማኅተም አለ፤ የፎቶ ቤቱ ስም፣ «ደሴ»፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር። ሌላውንም ገለበጡ፤ ያው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእጃቸው የወጣ ፎቶ ሁሉ ስምና አድራሻ ነበረው። «ለሕግ ብዬ አይደለም» አሉ፤ «ሰው ተጨማሪ ቅጂ ሲፈልግ ተመልሶ እንዲያገኘኝ ነው።»

ከቆርቆሮው ውስጥ አንዱን አወቅሁት። ከጦሳ ዳገት ላይ ሆነው በ1971 ዓ.ም. ያነሡት የደሴ ፎቶ ነው፤ ቆርቆሮ ጣራው፣ ባሕር ዛፉ፣ የተጠማዘዘው መንገድ። ፌስቡክ ላይ «የድሮዋ ደሴ» ተብሎ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ራሴ «ምንጭ፦ ፌስቡክ» ብዬ አጋርቼዋለሁ። አንድ ሰው የቤተሰቡን አልበም ስካን ሲያደርግ የፎቶውን ፊት ብቻ ወስዷል፤ ማኅተሙ አልበሙ ውስጥ ቀርቷል። ዊኪሚዲያ ላይ ያለው ያ ከፎቶው ሥር የተጻፈው ነገር የዚህ ማኅተም ታናሽ ወንድም እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኔም የሐይቁን ፊት ብቻ ነበር የወሰድሁት።

ከዚያ ወዲህ የሠራኋቸውን አሥራ አንድ ድረ ገጾች አንድ በአንድ ፈተሽሁ። ባለቤታቸውን ያገኘሁላቸውን ፎቶዎች ስም ጨመርሁባቸው፤ ያላገኘሁላቸውን አነሣሁ። የእታለምን ገጽ የሐይቅ ፎቶ በራሴ ተክቼዋለሁ፤ በጢጣ በኩል በሌሊት ሄጄ ሦስት ማለዳ ሞክሬ ጭጋጉን አላገኘሁትምና የተለጠፈው ጠራራ ፀሐይ ላይ የተነሣ ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ የሆቴል ባለቤት ደግሞ ገጹ ላይ ባዶ ካሬ አይቶ ደወለልኝ፤ ምክንያቱን ነገርሁት፤ አዳመጠኝና «እንግዲያው ያቺን የድሮዋን ደሴ ለጥፍልኝ፣ እሷ የማንም አይደለችም» አለኝ።

አያን ጠየቅኋቸው። በአዋጁ መሠረት 25 ዓመቱ ካለፈ እንደቆየና ሰውየው የመክፈል ግዴታ እንደሌለበት አልደበቅኋቸውም። ትንሽ አሰቡና «ካለፈማ ዋጋ አልጠይቀውም» አሉ፤ «ጀርባውን ግን አብሮ ይለጥፍልኝ።»

አሁን የሆቴሉ ገጽ ላይ ሁለት ምስል ጎን ለጎን አለ፤ በአንደኛው ከተማዋ፣ በሁለተኛው ቢጫ የሆነ ወረቀትና ሞላላው ማኅተም። ባለቤቱ ሁለተኛው ምን እንደሚሠራለት ባይገባውም ተወው። የፖስታ ሣጥኑ ቁጥር በደንብ ይነበባል፤ ዛሬ የማን እንደሆነ ግን አያም አያውቁም።